ቬንላን የሚያቆማት ጠፋ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? ባልሽ በዚህ ብርድ በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ ተቀምጦ ዓሣ መጠበቁን አልተወም አይደል? እኛ ኩኦፒዮ ያለነው ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እኔ ዘንድ ሆና የምትማረው ልጅሽ ቬንላማ ከደህናም በላይ ናት፤ ብዕር ያስነሳኝም የእሷ ነገር ነው።

እንደምታውቂው በየዓመቱ የተማሪዎቼን የሰውነት ብቃት እለካለሁ። በድምፅ ምልክት ከመስመር መስመር መሮጥ ነው፤ ምልክቱ ሲፈጥን እነሱም ይፈጥናሉ። አምና ቬንላ ገና ላብ ሳይወጣት ቆመች። አንቺም ውጤቱን ይዘሽ "ልቧ ደካማ ነው አላልኳችሁም?" አልሽና ከክፍሏ ልጆች ጋር ወደ ላፕላንድ ለበረዶ ሸርተቴ እንዳትሄድ ከለከልሻት። ሐኪሙ ልቧ ድኗል ቢልሽ መች ሰማሽው! ዘንድሮም በስንት ልመና "አንቺ አብረሻት ከሄድሽ" ብለሻል።

በቀደም አጠገቧ ሆኜ ሮጥኩ። እንደ እሷ ዳውን ሲንድሮም ላለባቸው ልጆች ፍጥነቱን የሚያሳይ ሰው አብሮ መሮጡ ደንብ ነው። ትንሽ እንደሄድን ጓደኛዋ ኦስካሪ ደክሞት ተቀመጠ። እሷም ቀጥ! ምን ሆንሽ ብላት "ሰው ጥሎ ይሮጣል እንዴ?" ብላ ተቆጣችኝ። አየሽ እህቴ፣ አምናም የቆመችው ለእሱ ብላ ነበር! እኔ ደግሞ አስተማሪ ተብዬ "አቅም ያንሳታል" ብዬ ጻፍኩባት። አፈርኩ፤ ሳቄም መጣ።

ካረፈች በኋላ ኦስካሪን ዳር አስቀምጠን "ነይ! ነይ!" እንዲላት አደረግንና እንደ አዲስ ጀመርን። ከዚያማ ማን ያቁማት! ይልቅ እኔ ትንፋሽ አጥሮኝ ግድግዳ ተደገፍኩ። ለእኔም ልትቆም ስትል ኦስካሪ "ተያት፣ እሷ አርጅታለች!" ብሎ ጮኸባት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ልጅሽ ብቻዋን ሮጣ ሮጣ ከክፍሏ ሁሉ በለጠች። እንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም።

ለልጆቹ የመጣችው ነርስ ግን እኔን ይዛ ጠያየቀችኝና ሐኪም ዘንድ ላከችኝ። አትደንግጪ፤ አንቺም ስንት ዓመት ሻማ ያበራሽልኝ ጉዳይ ነው። ብቻ ዘንድሮ ሸርተቴ አይታሰብም ተብያለሁ።

እና እህት ዓለም፣ ያለ እኔ ትሂድ። ፍርሃትሽ ይገባኛል፤ አሁንማ ይበልጥ ይገባኛል። ግን ፍቀጂላት።

ፈጣሪ ጤናሽን ይስጥልኝ፤ ልብሽንም ያደፋፍርልኝ። የፈቃዱን ወረቀት ፈርመሽ ስትልኪ፣ ለቬንላ በአራስነቷ የሠራሻቸውን ካልሲዎች እንዳልጣልሻቸው አውቃለሁና እነሱንም አብረሽ ላኪልኝ።

ናፋቂሽ ታናሽ እህትሽ