ጥዷን ከቆርቆሮው ያወጣሁበት ቀን

ይድረስ ለአስካለ፣

አስካልዬ፣ ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። አንቺን ግን ምን ብዬ እንደምጠይቅሽ ቸገረኝ። ከተለያየን ስምንት ወር ሊሞላን ስድስት ቀን ቀርቶናል። በዚህ ሁሉ ጊዜ እስክሪብቶ አላነሣሁም፤ እጄ ለመርፌ እንጂ ለጽሕፈት እንደማይሆን ታውቂያለሽ። ዛሬ የምጽፈው ጨንቆኝ ነው። ጥድሽ ልትሞትብኝ ነው። ምናልባትም ሞታለች። መሞት አለመሞቷን እንኳ መለየት አቅቶኛል። ለሰው ባወራው ሚስቱ ስትሞት ያላበደ ሰውዬ ለዛፍ አበደ ይሉኛል፤ ስለዚህ ላንቺው ልንገርሽ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ። ሞላሌ መብራት ገባ። አንቺ ሳለሽ ምሰሶው ብቻ ተተክሎ "ለወፍ ማረፊያ ነው እንዴ ያቆሙት?" ስትይ አልነበር፤ አሁን አምፖሉ ከስፌት መኪናዬ በላይ ተንጠልጥሏል። እንደ በራ መጀመሪያ ያሳየኝ አቧራውን ነው። ለካ ቤቱ እንዲህ ቆሽሿል። ድመታችን ጎረቤት እማሆይ ዘነበች ጋ ገብታ ቀርታለች፤ ከኔ መነኩሲቷ ተሽለዋት መሆኑ ነው፣ አልፈርድባትም። ጫማሽ ከበሩ ሥር እንዳለ ነው። እማሆይ ለነዳይ ስጠው ብለውኝ እሺ ብዬ አነሣሁት፤ ደጅ ድረስ ይዤው ወጣሁና መልሼ እዚያው አስቀመጥኩት። አሁንም የምተኛው በግድግዳው በኩል ነው። ባዶ ሆኖ እንዳላየው ያንቺ ቦታ ላይ ጋቢዬን አጣጥፌ አስቀምጣለሁ።

ወደ ጥዷ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልመስክርልሽ፤ በሕይወት ሳለሽ አመስግኜሽ አላውቅምና። ዐሥራ አራት ዓመት በእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ውስጥ አኑረሻት ቁመቷ ክንዴን አይሞላም። ግንዷ ግን የትልቅ ዛፍ ግንድ ነው፣ የተጣመመ፣ ቅርፊቱ የተላጠ። በደጃችን ያለፈ ሁሉ ቆም ብሎ ያያታል። ጫፍ ጫፏን እየከረከምሽ፣ ቅርንጫፏን በክር እየጎተትሽ እንዲህ ያደረግሻት አንቺ ነሽ። የከረከምሽው ደግሞ በኔ መቀስ ነው። በጨርቅ መቁረጫ መቀሴ! ስንት ጊዜ ተጣላን በእሱ። አንድ ጊዜ የመምሬን ነጭ ሱሪ ስቆርጥ የጥድ ሙጫ አስነካሁበትና ስጮህብሽ፣ "ምን አለበት፣ ቅዳሴ ላይ መልካም መልካም ይሸታቸዋል" ብለሽ አፌን አስያዝሽኝ። ክረምት ላይ ለሚሌኒየሙ የተተከለ ዛፍ ሊቆጥሩ የመጡት የቀበሌ ሰዎች፣ ይቺ ዛፍ አይደለችም፣ አንቆጥራትም ቢሉኝ እንዴት እንደ ተቆጣሁ ብታዪ! ከሁላችሁም ዕድሜ የእሷ ይበልጣል ብዬ አባረርኳቸው።

እሷ የመጣችበትን ቀን ግን አንድም ጊዜ አንሥተነው አናውቅም። ዛሬ ላንሣው። መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት ነው። የልጅ ነገር አልሆን ብሎን ከቀየት አገር ማዶ ካለው ጠበል ሄደሽ ሱባዔ ገባሽ፣ ሁለት ሳምንት ቆየሽ። የመጨረሻ ልመናችን መሆኑን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ስትመለሺ በመንገድሽ ላይ ዶዘር ለአዲሱ መንገድ ቋጥኝ ሲንድ አገኘሽ። ከቋጥኙ ስንጥቅ ውስጥ በቅላ፣ ስንት ዓመት ድንጋይ ተጭኗት የኖረች ጥድ ከፍርስራሹ ጋር ወድቃለች። አንሥተሽ በነጠላሽ ጠቀለልሻት። እኔ በር ላይ ቆሜ ስጠብቅሽ፣ ከሩቅ በደረትሽ የታቀፍሽው ነገር ታየኝ። ምን እንዳሰብኩ እግዜር ያውቃል። የተጣለ ሕፃን አገኘች ብዬ ልቤ ዘለለች። ቀርበሽ ነጠላውን ስትገልጪው ሥርና አፈር ነው። ያን ጊዜ ነው ያልኩሽ፦ "ልጅ ይዘሽ ትመጪያለሽ ስል፣ እንጨት ታቅፈሽ መጣሽ?"

 ብታለቅሺ ወይ ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። ወስፌዬን ወስደሽ የቆርቆሮውን ቂጥ በሳሽ፣ ከጓሮ አፈር አመጣሽ፣ ተከልሻት፣ ከዚያ እጅሽን ታጥበሽ ምግብ አቀረብሽልኝ። እኔም የተረሳ መሰለኝ። ይቅርታ ለመጠየቅ ጊዜ አለኝ እያልኩ ዐሥራ አራት ዓመት ኖርኩ።

ባለፈው መጋቢት ታመሽ ስትተኚ ስለ ቀብርሽ አልተናገርሽም፣ ስለ ተዝካርሽ አልተናገርሽም። የነገርሽኝ ቆርቆሮው መዛጉን ነው። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሲጸና፣ ቂጡ የተበሳ ሰፋ ያለ ሸክላ አሠርተህ ወደዚያ አዛውራት፤ አደራ፣ ቀስ ብለህ አውጣት፣ ቀስ ብለህ አልሽኝ። ለምን ሁለት ጊዜ እንዳልሽው ያኔ አልገባኝም፣ የደከመሽ መስሎኝ ነበር። ሐምሌ መጣ። ሸክላ ሠሪዋ ልክ እንዳልሽው አድርጋ ሠርታልኝ ነበር። እጄ ግን እምቢ አለ። በዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ያለው አፈር አንቺ በእጅሽ የጠቀጠቅሽው ነው፤ እንዴት ልናደው? ዛሬ ነገ ስል ነሐሴ አለፈ፣ መስቀል አለፈ። የአገራችንን ኅዳር ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ውርጩ ሜዳውን ጨው አስመሰለው።

በዚያ ሰሞን አንድ ጠዋት ወደ ፀሐይ ላዞራት ሳነሣት የቆርቆሮው ቂጥ የተቀመጠችበት ድንጋይ ላይ ቀረ። ጎኑን ቀድጄ ገለጥኩት። ሥሯ እንደ ክር ጥቅል እርስ በርሱ ተጠማጥሞ የቆርቆሮውን ቅርጽ ይዟል። ገለበጥኳት። ከሥር ሰማያዊ ነገር ታየኝ። አፈሩን በጣቴ ጠረግ ሳደርገው ቴትሮን ጨርቅ ነው። ጠርዙን አየሁት፤ እጥፋቱ የኔ ነው፣ ስፌቱም የኔ ነው። በተጋባን ዓመት ሰው ሳያየኝ የሰፋኋት የሕፃን ሸሚዝ ናት፣ አስካለ። ላንቺም ሳላሳይሽ ከሣጥኑ ሥር ደብቄያት ነበር። በኋላ ፈልጌ ሳጣት ከብጥስጣሽ ጨርቅ ጋር ጥዬያት ይሆናል ብዬ ተውኩት። ለካ አግኝተሻታል። ለካ ያን ቃል በተናገርኩ ቀን አውጥተሽ ከዛፏ ሥር አንጥፈሻታል። ሥሯ በአንገትጌው ገብቶ በእጅጌው ወጥቷል።

ለምን እንዲህ አደረግሽ? ሸሚዟን ቀበርሻት ወይስ ጥዷን አለበስሻት? ተቀይመሽኝ ነው ወይስ ታርቀሽኝ? ይህን የምጠይቀው ሰው የለኝም።

"ቀስ ብለህ" ያልሽው ያኔ ገባኝ፤ ግን ረፍዶ ነበር። ሸሚዟን ሳይ ራሴን ረሳሁ። ልይዛት ፈለግሁ፣ ሌላ ምንም አላሰብኩም። ሳብኳት። ሥሩ ሲበጠስ የሰማሁት ድምፅ ስፌት ሲተረተር የምሰማው ድምፅ ነው። የማንንም ልብስ ስተረትር ትንፋሼን ይዤ፣ አንዷን ክር ከሌላዋ እየለየሁ ነው። ያንቺን በጉልበት ቀደድኩት። ወደ ልቤ ስመለስ በአንድ እጄ ግማሽ ሸሚዝ፣ በሌላው ሥሯ የተመለጠ ዛፍ ይዤ ቆሜያለሁ።

እንደምንም ሸክላው ውስጥ ተከልኳት። ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ብትሰሚ መሳቅሽ አይቀርም። እማሆይን ባማክራቸው "እንደ አራስ ያዛታ፣ ሌላ ምን መላ አለው" አሉኝ። እኔም እንደ አራስ ያዝኳት። ፀሐይ እንዳይመታት ጓዳ አስገባኋት። ምች እንዳያገኛት በሩን ዘጋሁ። እንዳይበርዳት በሱፍ ባና ሸፈንኳት፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍባት መጋረጃ ሰፋሁላት። ጠዋትም ማታም ጠበል አጠጣኋት። ይበልጥ ትጠንክር ብዬ የበግ በጠጥ፣ ፍጉን፣ በጥብጬ አፈሰስኩባት። ገንፎ ብቻ ነው ያላገነፋሁላት። እውነቱን ልንገርሽ፣ በእነዚያ ቀናት ደስ ብሎኝ ነበር። በቤታችን አራስ ኖሮ አያውቅም። እግሬን አቅልዬ ስገባ፣ ጎረቤት ሲመጣ ድምፃችሁን ቀንሱ ስል፣ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። በዐሥራ አንደኛው ቀን ባናውን ስገልጥ ጫፍ ጫፏ ቢጫ ሆኗል፣ አፈሩም ሸትቷል።

የችግኝ ጣቢያው ሙሉጌታ በዚያው ዕለት ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። ፊቴን አይቶ ምን ሆነዋል ቢለኝ ወደ ጓዳ ወሰድኩት። መጋረጃውን ገልጦ አየና ጮኸ። "ኧረ ጋሽ ታደሰ! ጥድ እኮ ናት! ቁርና ፀሐይ ነው እናቷም አባቷም። በቁሟ ቀበሯት እኮ!" ብሎ ራሱ አቅፎ ደጅ አወጣት። ከጓሳ ሜዳ የሚመጣው ንፋስ እንዳያገኛት ከደጁ የድንጋይ ካብ ሥር፣ የጠዋት ፀሐይ ብቻ በሚነካው በኩል አስቀመጣት። በጠጡን ከለከለኝ። ጠበሉንም "በማንኪያ እንጂ በእንስራ አይደለም ጋሼ" አለኝ። ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ይክተቱ፣ ከደረቀ ያጠጡ፣ ከረጠበ ይተዉት አለኝ። ከሁሉ በላይ ግን እንዳትነቃነቅ፤ በተነቃነቀች ቁጥር አዲስ የሚበቅለው ሥር ይበጠሳል አለኝ። እሱን ለኔ ተወው አልኩት። ወፍራም ክር ደርቤ፣ በሸክላው ቀዳዳ አሳልፌ፣ ግንዷን ወጥሬ አሰርኩት። ጠዋት ጠዋት ልብስ ስተኩስ እንደማደርገው ውሃ በአፌ ይዤ ቅጠሏ ላይ እፍ እልባታለሁ።

ትድናለች ወይ ብዬ ስጠይቀው ሙሉጌታ ቅጠሏን በጣቱ ዳሰሰ። ጥድ አታላይ ነው አለኝ፤ ከሞተ በኋላም እስከ ሁለት ወር አረንጓዴ መስሎ ይቆያል። እስከ ፋሲካ አዲስ ጫፍ ካላወጣች ያኔ ይታወቃል አለኝ።

እስከ ፋሲካ! ገና ልደት እንኳ አልደረሰም። ከተከልኳት አምስት ሳምንት ሆነ። አናቷ ደርቋል፤ ስነካው ይረግፋል። አንቺ በቀይ ክር ወደ መስኮቱ የጎተትሽው አንዱ ቅርንጫፍ ብቻ አረንጓዴ ነው፤ እሱም ይኑር ይሙት አላውቅም። ሙሉጌታ ቅርፊቷን በጥፍርዎ ፋቅ ያድርጉት፣ ከሥሩ እርጥብ አረንጓዴ ካለ አለች ብሎኝ ነበር። ስንት ጊዜ ጥፍሬን አስጠግቼ መለስኩ። ፍቄ ደረቅ ባገኝስ? ያን ጠዋት ትንፋሽሽን ለመስማት ጆሮዬን ወዳፍሽ እንዳስጠጋሁ ትዝ ይለኛል። ሁለተኛ እንደዚያ አድርጌ ማወቅ አልፈልግም። አልችልም።

ሥራ አልሠራም። የሰው ልብስ ተከምሮብኛል። የጀመርኩትን የቁልፍ ቀዳዳ ትቼ በየመሃሉ እየተነሣሁ ካቡ ሥር ሄጄ አያታለሁ፣ ማየቴ ምንም እንደማይነግረኝ እያወቅሁ። መቃብርሽ ላይ ቆሜ ይቅር በይኝ ልል ሞክሬ ነበር። ሳልለው ተመለስኩ፤ አዲስ ድንጋይ ነው፣ አያውቀኝም። ይቺ ግን ያን ቀን ነበረች። በነጠላሽ ውስጥ ሆና ያን ቃል ሰምታዋለች። እሷ ከሞተች ይቅርታዬን የት እወስደዋለሁ?

ስለዚህ እስካለች፣ ካለች፣ በእሷ ፊት ልናገረው ብዬ ነው ዛሬ ከካቡ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጬ የምጽፍልሽ። አስካለ፣ ያን ቀን ታቅፈሽ የመጣሽው እንጨት አልነበረም። ይቅር በይኝ። ተጥሎ የወደቀ ነገር አይታ ማለፍ ያልቻለችን ሴት እናት አይደለሽም ያልኩ እኔ ነኝ። ዐሥራ አራት ዓመት ዓይኔ ሥር ልጅ ስታሳድጊ እኔ ስለ መቀሴ እጨቀጭቅሽ ነበር። መቀሱ አሁን ከመስኮቱ ላይ ነው። ጨርቅ የምቆርጠው በሌላ ነው፤ እሱ ያንቺና የእሷ ነው።

ሌላም የሠራሁት አለ። ያሰርኩባት ክር ትናንት ቅርፊቷን ሊበላው ሲጀምር አየሁ። አጥቤ ያስቀመጥኳትን ግማሽ ሸሚዝ አወጣሁ፣ የተረፈችውን እጅጌ በግንዷ ላይ አዞርኩ፣ ክሩን በዚያ ላይ አሰርኩት። አንቺ ያኔ ምን አስበሽ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን አልብሼያታለሁ።

ሰው ለሞተበት ሰው ደግ ደጉን አስታውሳለሁ ይላል። እኔ ሳቅሽን እንደማስታውስ ሁሉ ያቺን ቃሌንም አስታውሳታለሁ፤ አንቺ አፈሩን ከእጅሽ የታጠብሽበትንም። ብትድንም ባትድንም አስታውሳለሁ። ነገም እንደ ነቃሁ ጣቴን አፈሩ ውስጥ እከታለሁ። ደረቅ ከሆነ አጠጣታለሁ። እርጥብ ከሆነ ስምሽን ጠርቼላት አጠገቧ እቀመጣለሁ፣ እስከ ፋሲካ።

ባልሽ ታደሰ