የተሸነፍሁበት የጭስ ክርክር

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ ለአባቴ፤ ዘጌ
ባሕር ዳር፣ ኅዳር ፲፱፻፹፩ ዓ.ም.

አባቴ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ ከክረምቱ ቁርጥማት አረፈ? እናቴ ደኅና ናት? የቅኔ ተማሪዎችዎ አላስቸገሩዎትም? ቡናውስ መቅላት ጀመረ? እኔ በጸሎትዎ ተጠብቄ ደኅና ነኝ። ደኅና ብቻም አይደለሁ፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ምድር አልበቃኝ ብላለች። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ያልሰደድሁት የሌላ ሰው ዓይን እንዳይቀድምዎ ብዬ ነው። ባለታንኳው አለበል በእጅዎ ያስረክብዎታል።

ለፍልሰታ ቤት በመጣሁ ጊዜ የተከራከርነውን ያስታውሳሉ። ከሰሉና ነዳጁ ሲነድ የሚወጣው አየር ሰማይ ላይ እየተከማቸ ምድርን ያሞቃታል የሚሉ ሊቃውንት መነሣታቸውን በሬዲዮ ሰምቼ ባወራልዎት፣ «ዝናብን የሚከለክል የሰው ኃጢአት እንጂ የሰው ጭስ አይደለም» ብለው አፌን አስያዙኝ። እኔም አኩርፌ ተሻገርሁ። ያ ነገር ከሬዲዮ ወጥቶ እዚህ ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ገባ ብልዎ ያምኑኛል?

ርዕሰ መምህራችን ጋሼ አካሉ ለመምህራንና ለፋብሪካ ሠራተኞች የክርክር ቀን አዘጋጁ። ርእሱ «የሰው ጭስ የዓለምን አየር ይለውጣል ወይስ አይለውጥም?» የሚል ነው። ጂኦግራፊ የማስተምረው እኔ በመሆኔ «ይለውጣል» በሚለው ወገን እንድቆም ታዘዝሁ። «አይለውጥም» ብሎ የሚከራከረኝ አንዳርጋቸው የሚባል የፋብሪካ መሐንዲስ ነው። ያደገው አዲስ አበባ ነው፤ ወደዚህ ከተዛወረ ገና ዓመት አልሞላውም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር መነጽሩን እያወለቀ የሚጠርግ ሰው ነው። ይህን ደግሞ ለምን እንደጻፍሁልዎ እንጃ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ቀድሜ የተነሣሁት እኔ ነኝ። «ምድር ጋቢ ለብሳለች» አልሁ። «ይህ የአየር ጋቢ ባይኖራት በብርድ ባለቅን ነበር። ዛሬ ግን ሰው፣ ይልቁንም የባለጸጋ አገሮች ሰው፣ በጋቢ ላይ ጋቢ እየደረበባት ነው። ያንን አየር የሚጠጣልን ዛፍ ነበር፤ ዛፉንም ቆረጥነው። እኔ የተወለድሁባት ዘጌ በሬ አይጠመድባትም፣ ዛፍ እንደዋዛ አይገነደስባትም። አባቶች ያቆዩልን ሥርዓት ነው።» ከኋላ አንዲት ሴትዮ፣ «ኅዳር ሲታጠን በሽታ ይነቀላል እየተባልን አድገን፣ ዛሬ ጭሱ ራሱ በሽታ ሆነ እንዴ?» ብትል ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

አንዳርጋቸው ተነሣ። አቤት አንደበት! «መምህርት፣ ጋቢውን አልክድብዎትም» አለኝ። «ነገር ግን ምድር ፋብሪካ ሳይታሰብ ጀምሮ ስትሞቅ ስትበርድ የኖረች ናት። ደግሞስ ብትሞቅ ውሃው ይተናል፤ ውሃው ቢተን ደመናው ይበዛል፤ ደመና ጥላ ነውና መልሶ ያቀዘቅዛታል። ሊቃውንቱ ራሳቸው ያልጨረሱትን ክርክር እኛ በምን አፋችን እንቁረጠው?» ጭብጨባው ጣራውን ነቀነቀው። ተናደድሁ፤ ደግሞ ደስ አለኝ። እንዲህ ተጠንቅቆ የሰማኝና እንዲህ ተጠንቅቆ የመለሰልኝ ሰው ከእርስዎ በቀር አላጋጠመኝም ነበር።

መልስ ልሰጥ ስነሣ ግን ከፊት ወንበር የፓርቲው ተወካይ እጁን አነሣ። «ጓድ መምህርት፣ ድርቁን ያመጣው ጭስ ነው ካሉ፣ አሮጌው የፊውዳል ሥርዓት ከደሙ ንጹሕ ነው ማለትዎ ነው? ፋብሪካ መትከልስ ጥፋት ነው እያሉን ነው?» አለ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰውን የት እንደሚያደርሰው እርስዎም ያውቃሉ። ጋሼ አካሉ አንገታቸውን ደፉ። ያን ጊዜ ማንም ሳይጠይቀው አንዳርጋቸው ብድግ አለ።

«ጓድ፣ የፋብሪካውን ጭስ የማጨሰው እኔ ነኝ፤ የምጠየቅም እኔ ነኝ። መምህርት ከተሳሳቱ ስህተታቸውን እንዳሳይ የተጠራሁትም እኔው ነኝ። ተከራካሪዬን ከወሰዳችሁብኝ ማንን ልርታ?»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም። ተወካዩም ሳይወድ ፈገግ አለ፤ ግን ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም።

በዚያው ብቀመጥ ይሻለኝ ነበር ይሉኝ ይሆናል። አልተቀመጥሁም። «ፋብሪካ ይዘጋ አላልሁም፤ ድርቁንም ጭስ አመጣው አላልሁም። የአንድ ዘመን ድርቅ ለዚህ ምስክር አይሆንም። ጭሱ እየበዛ ከሄደ ግን የልጅ ልጆቻችን ይቸገራሉ ነው የምለው» አልሁ። ወደ አንዳርጋቸው ዞሬም፣ «ደመና ቀን ጥላ ነው፤ ሌሊት ግን ጋቢ ነው። ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ በጠራ ሌሊት ነው ወይስ ደመና በሸፈነው? ገበሬውን ይጠይቁ» አልሁት። አንድ ሽማግሌ «እውነቷን ነው! በጠራ ሰማይ ነው!» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። አንዳርጋቸው መነጽሩን አውልቆ እየጠረገ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ከዚያ እጅ ይነሣ ተባለ። ተሸነፍሁ። አባቴ፣ ልጅዎ ተሸነፈች! ሰዉ ተወካዩን ፈርቶ ይሁን ሐሳቡን አምኖ፣ ብዙው እጅ የተነሣው ለአንዳርጋቸው ነው። ግን ለእኔ ከተነሡት ጥቂት እጆች መካከል አንድ ረጅም እጅ አየሁ። የማን እንደሆነ ልንገርዎ? የራሱ የአንዳርጋቸው ነበር! ጋሼ አካሉ «አንተ ያሸነፍኸው እኮ ነህ፣ እጅህን አውርድ» ቢሉት እምቢ አለ።

ከአዳራሹ ስንወጣ በሐይቁ ዳር እስከ ቤቴ አብረን ሄድን። ለምን እንዲህ እንዳደረገ ብጠይቀው፣ «በደመናው ረታሽኝ። የተረታ ሰው እጁን ያነሣል» አለ። «ታዲያ አንተ አምነሃል ማለት ነው?» አልሁት። አንቱታው የት እንደጠፋብን እንጃ። «ግማሹን አምኛለሁ፤ ግማሹን ገና እከራከርሻለሁ» አለኝ። እርስዎ በፍልሰታ ያሉኝንም ነገርሁት። ያስቃል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ቆም ብሎ አሰበና፣ «እናንተ መቼ ተለያያችሁ? ያለ ልክ ማንደድ፣ ያለ ልክ መቁረጥ ኃጢአት አይደለም እንዴ?» አለኝ። እኔ መምህርቷ ይህን ሳላስበው ከእርስዎ ጋር ሦስት ወር ማኩረፌ ገረመኝ።

ተወካዩ ትናንት ጋሼ አካሉን አስጠርቶ ስለ እኔ ጠይቋቸዋል። «ጎበዝ አስተማሪ ናት፤ ደግሞም ተሸንፋለች» ብለው መልሰውታል። እስካሁን የመጣብኝ ነገር የለም፤ አያስቡ፣ በጸሎትዎ ብቻ ያስቡኝ።

አንዳርጋቸው ሐይቁ በልጅነትዎ ዘመን እስከ የት ይሞላ፣ እስከ የት ይሸሽ እንደነበረ ከአንደበትዎ መስማት ይፈልጋል። በመጪው እሑድ ይሻገራል። እኔም አብሬው እመጣለሁ፤ ታንኳው መንገዱን ቢያውቅም እሱ ዘጌን አያውቅማ። ጾም ስለገባ እናቴ በምግብ አትጨነቅ፤ የቀረበለትን ይበላል። እርስዎ ግን አይራሩለት፤ ደኅና አድርገው ይከራከሩት። መረታት የማያሳፍረው ሰው ነው።

የዘጌው ጊዮርጊስ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ የእናቴን ዓይን ብርሃን ይጠብቅልኝ። ጉልበትዎን ስሜያለሁ። ይህን ሲያነቡላት እናቴ ፈገግ ካለች፣ ለምን እንደሆነ አይጠይቋት።

አክባሪዎ ልጅዎ