በአበባ መደብ ዙሪያ የተደረደረው ሸለቆ

ነሐሴ 9 ቀን 1976

«በመጋዘን ያለ ሥራ የተቀመጠው ጥቁር አፈርና ነጭ ድንጋይ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ለግቢ ማስዋቢያ እንዲውል ተደርጓል።»

ከጉንፋን ተነስቼ ቢሮ ስገባ ሰሌዳው ላይ ያነበብኩት። ቃል በቃል ገለበጥኩት። ፈራሚ፦ ጓድ ካሣሁን፣ የአስተዳደር ኃላፊ። «ያለ ሥራ»... ከአንድ የወንዝ ሸለቆ ስንት በጋ ቆፍሬ ያወጣሁት ነው። ሸለቆው ስንት ጊዜ እንደደረቀ የሚመሰክር ሌላ የለም። ያለ እሱ ስለ ድርቅ ያቀረብኩት ሪፖርት ወሬ ነው። አፈሩ የወጣበትን ረግረግም የመንግሥት እርሻ አጠንፍፎ አርሶታል፤ ተመልሼ አልቆፍረውም።

ግቢ ወረድኩ። ድንጋዮቼ በአበባው መደብ ዙሪያ ተደርድረዋል። ኖራ ተቀብተው። የኖራ ድንጋይ፣ ኖራ ተቀብቶ... ከየትኛው ንብርብር እንደወጡ የጻፍኩባቸው ቁጥሮች ጠፍተዋል። ጥቁሩ አፈር አበባው ሥር ተደፍቷል።

«ጋሽ እምሩ፣ ድንጋዩም ሥራ ያዘልዎት» አለኝ ካሣሁን። እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ በእግሬ ወረድኩ። ንዴቱም አብሮኝ ወረደ።

ነሐሴ 11

አፈሩን የደፉት አበባ የሚንከባከቡት ወይዘሮ ተናኘወርቅ ናቸው።

«ጨለማ ውስጥ ከሚሻግት ብዬ ነው እኮ። እዩት እንዴት እንደወደደው።»

እውነትም አበባው ፈንድቷል። የደፉት ግን አፈር አይደለም። ረግረግ ውስጥ ወድቆ፣ ውሃ ሸፍኖት ሳይበሰብስ የቀረ ሣር ነው። አክሱም ሳትቆም የበቀለ። ዛሬ አራዳ መሐል ቀይ አበባ ሆኖ ወጣ። ልናደድ? ልደነቅ?

አንድ ሣጥን ግን ተርፏል። ከብዷቸው የመጋዘን በር ማስደገፊያ አድርገውታል። ውስጡ ያለው ንብርብር ከላይ እስከ ታች አልተበተነም።

ነሐሴ 13

ዝናብ ሲወርድ ዋለ። ኖራውን ያጥብልኝ ይሆን? አላጠበም።

ነሐሴ 16

ኮምጣጤ ይዤ ሄድኩ። ኮምጣጤ ድንጋዩንም እንደሚበላ መንገድ ላይ ትዝ አለኝ... ንዴት ያጃጅላል። ውሃና ብሩሽ ብቻ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ቀሚሳቸውን ሰብስበው አጠገቤ ተቀመጡ። «የቀባሁትንማ እኔው ልጠበው።» ቁጥሩ ብቅ ሲል ያነባሉ፤ ከአትክልት ተራ ባመጣሁት የቲማቲም ሣጥን በተራ አስገባለሁ።

አንዱ ተሰንጥቆ ኖሯል። ከፈትኩት። የሾላ ቅጠል። ጅማቶቹ ሳይቀሩ ይታያሉ። ምንጭ ውስጥ ወድቆ፣ ውሃው የተሸከመውን ኖራ አልብሶት። ይህን ስንት ዓመት አስተምሬአለሁ... ግማሹን ለወይዘሮ ተናኘወርቅ አቀበልኳቸው።

ካሣሁን ከኋላችን ቆሟል።

«ማን ቀረጸው?»

«ውሃ።»

ጎንበስ አለ። ለድንጋይ ጎንበስ ሲል አይቼው አላውቅም።

ጳጉሜን 2

ካሣሁን ቢሮዬ ገብቶ በሩን ዘጋ። የተረፈውን ሣጥን አሳየሁት። ጥቁሩ ንብርብር፣ ውሃ የተኛበት ዘመን፤ ነጩ፣ ምንጭ የፈሰሰበት። በመሐላቸው ቀጭን ቡናማ መስመር።

«ይኼስ?»

«አቧራ። ድርቅ።»

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው ያልኩት። በዓሉ እስኪያልፍ ድርቅ የሚባል ነገር አይነሳም ተብለናል። ሪፖርቴ ላይ ቃሉን ሰርዞ «የዝናብ መዋዠቅ» ያለው ራሱ ካሣሁን ነው።

«እናቴ ወሎ ናት» አለ። ጣቱን መስመሩ ላይ አደረገ። «ከዚህ በላይስ?»

«እንደገና ነጭ። ውሃው ተመለሰ።»

«ስንት ቆይቶ?»

«ብዙ የሰው ዕድሜ።»

ጣቱን አላነሳም።

መስከረም 5 ቀን 1977

በዓሉ አለፈ። ባንዲራው ገና አልወረደም። ድንጋዮቹ በሣጥናቸው ናቸው፤ የመደቡ ዙሪያ ባዶ። ካሣሁንን የሚከስ ደብዳቤ ጀምሬ ነበር። ቀደድኩት። ሌላ ጻፍኩ። ካሣሁን አነበበው።

«ከስምዎ ሥር የእኔንም ይጨምሩ።»

«የሚያመጣብህን ታውቃለህ?»

«እናቴ እኮ ናት፣ ጋሽ እምሩ።»

ነገ የምናስገባው ይኼ ነው፦

«ለዋና ሥራ አስኪያጅ፦ ‹የዝናብ መዋዠቅ› የተባለው ተሰርዞ ‹ድርቅ› የሚለው ቃል ወደ ሪፖርቱ ይመለስ። የተረፈው ማስረጃ በተቆለፈ ክፍል ይቀመጥ። መልሱን እስከ መስከረም 20 ቀን 1977 ዓ.ም. በጽሑፍ ስጡን።»