ሎሚውን የሰጠሁ ቀን

አባዬ፣ የኔ ሹፌር፤

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እማዬ ደህና ናት። ጓሮ የቀረውን አሮጌ ጎማህን አፈር ሞልታ ጤና አዳም ተክላበታለች። ታናሼ በቁመት አልፎሃል፤ ኮትህን ቢሞክረው እጅጌው አጠረው። እኔ ደግሞ ጌዶ አስተማሪ ሆኜ ተመድቤያለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ከአምቦ ሄጄ አርብ እመለሳለሁ። መንገዱን ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ።

የምጽፍልህም ስለሱ ነው። እፈራለሁ፣ አባዬ። እሁድ ከሰዓት ይጀምረኛል፤ እህል አልወርድ ይለኛል። ሚኒባሱ ጉደርን አልፎ ዳገቱን ሲይዝ በዚያ ብርድ መዳፌ በላብ ይርሳል። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል የሚሉት እውነት ነው። መኪናህ ከመንገድ የወጣችበት ኩርባ ጋ ስንደርስ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሰው እንዳያውቅብኝ ሎሚ አፍንጫዬ ላይ ይዤ፣ መኪና አይስማማኝም እላለሁ። የሹፌር ልጅ ሆነሽ ብለው ይስቁብኛል፤ ጋቢና ከጎንህ እያንቀላፋሁ ማደጌን የሚያውቁ ናቸው። እማዬም አምናኝ ሎሚ ትገዛልኛለች። እውነቱን ብነግራት ቅሪ ትለኛለች ብዬ እሰጋለሁ። ቅሪ ካለችኝ ደግሞ እቀራለሁ፤ አንዴ ከቀረሁ ያን መንገድ ዳግመኛ አልደፍረውም።

ባለፈው ሰኞ አጠገቤ የተቀመጠች ነፍሰ ጡር ክፉኛ አጥወለወላት። ሎሚዬን ሰጠኋትና ባዶ እጄን ቀረሁ። ኩርባው እየቀረበ ነው፣ ሹፌሩ ይከንፋል። ያኔ፣ ድሮ አንዲት ተሳፋሪ ቀስ በል ብላህ ሌሎቹ ሲያፌዙባት ያልከኝ ትዝ አለኝ። የፈራ ይናገር፣ ዝም ካለ በምን አውቄ ነው የምቀንስለት ብለኸኝ ነበር። እንደምንም ተናገርኩ።

«ወንድሜ፣ እኔ መኪና አሞኝ አያውቅም። ፈርቼ ነው። አባቴ የሞተው እዚህ ጋ ነው።»

ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ። ከኋላ አንድ አዛውንት በኦሮምኛ «አኒስ ነን ሶዳዳ» አሉ፤ እኔም እፈራለሁ ማለታቸው ነው። ነፍሰ ጡሯ እጄን ያዘች። አልዋሽህም፣ ጌዶ እስክንገባ ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ግን መታገሉን ተውኩት። ከመጣ አብሮኝ ይሂድ አልኩና ዓይኔን ሳልጨፍን ቀረሁ።

ኩርባውንም አየሁት። ሁለት ባሕር ዛፍ፣ የጤፍ ማሳ፣ ከመንገዱ ዳር ነጭ ድንጋይ። ይኸው ነው። ያንገበገበኝ ሌላ ነገር ነው፦ ስንት ሰኞና ስንት አርብ፣ እንደማያውቅህ ሰው፣ በአጠገብህ ሳላይህ አለፍኩ።

ዛሬ እሁድ ነው፤ ፍርሃቱ እንደ ልማዱ ጀምሮኛል። እማዬ ለነገ ሎሚ ገዝታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች። ይህን ስጨርስ ሄጄ ሁሉንም እነግራታለሁ፤ ቅሪ ብትለኝም እየፈራሁ እንደምሄድ ጭምር እነግራታለሁ። ሎሚውን ለታመመ እይዘዋለሁ። አልረሳህም፣ አባዬ። ነገ ኩርባው ጋ ስደርስ መዳፌ ማላቡ አይቀርም፤ ዓይኔን ግን ገልጬ፣ ደህና አደርክ ብዬህ ነው የማልፈው።

የጋቢናዋ ልጅህ