መተንፈስ የምትረሳዋ ልጄ

ጥር 12፣ ጠዋት 3 ሰዓት
ወተቱን አደረስኩ። ባለቤቴ ትርንጎ ከእናቶች ክፍል አልባ በትንሽ ኩባያ ትልካለች። ሁለት ማንኪያ አይሞላም። ነርሷ፣ ሲስተር ውዴ፣ በቀጭን ቱቦ ታንጠባጥብላታለች። ልጄ ዛሬ አራት ቀኗ። ዘጠኝ መቶ ግራም። ሆድ ውስጥ የቆየችው ስድስት ወር ብቻ። የሚቸኩለውን ሰው «የሰባት ወር ልጅ ነህ?» እንለዋለን። ይቺ ሰባትንም አልጠበቀች። ገሳይ ላይ መምህር ነኝ፤ ስድሳ ተማሪ በአንድ ቃል ዝም አሰኛለሁ። እዚህ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ግን የማሞቂያ ክፍሉን መስታወት ተደግፌ መቆም ነው። ማስታወሻዬ፣ ይህን ላንተ ካልሆነ ለማን እላለሁ?

ጥር 13
ትርንጎ ዛሬም ልጇን ልታይ አልመጣችም። ያለ ቀኗ ያስወለዳት ደም ግፊት ወርዶላታል፣ መራመድ ትችላለች። ለመንኳት። አታሳየኝ አለች። የመጀመሪያው ልጃችንም ያለ ቀኑ መጥቶ ሦስት ቀን ነው የቆየው። «ያን አይቼው ነው ፊቱ እስካሁን ከዓይኔ ያልጠፋ።» ከዚያ ኩባያውን ዘረጋችልኝ። ቶሎ ውሰድላት፣ ሳይቀዘቅዝ። ይዤ ሮጥኩ።

ጥር 15፣ 8 ሰዓት ከቀትር በኋላ
ጠቆረች። ዓይኔ እያየ። ትንፋሿን የሚከታተለው ማሽን ጮኸ። ሲስተር ውዴ ሮጣ መጣች፣ ውስጥ እግሯን በጣቷ ነካ ነካ አደረገቻት። ተነፈሰች። ቀላች። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ መተንፈስ ይረሳሉ አለችኝ፤ የሚያስታውሳቸው ይፈልጋሉ። መተንፈስ ይረሳል እንዴ!
ሳይመሽ ሁለቴ ደገማት።

ጥር 16
አማቴ እማማ አንጓች ከገጠር መጡ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ የምታልፍ ከሆነ ግን ዛሬውኑ። ቄሱን ልጥራ ወይ? «ሳትጠመቅ ብትቀርስ፣ ልጄ፣ ማን ይጠየቅባታል?» አሉኝ። ባልጠራ ነፍሷ። ብጠራ ተስፋ ቆረጥኩባት ማለት ነው። ሐኪሙን ትተርፋለች ወይ አልኩት። ዛሬን ውላለች አለ። መልሱ ይኸው ነው። እማማን አንድ ቀን ይታገሡኝ አልኳቸው። ነገም እንደዚሁ እል ይሆናል።

ጥር 24
ሸሚዝህን ክፈት ተባልኩ። ልጅቷ የሰው ገላ ሙቀት ትፈልጋለች፤ እናት ካልመጣች አባትም ይሆናል አለች ሲስተር ውዴ። አፈርኩ። እማማ ፊታቸውን አዞሩ። ደረቴ ላይ አስተኝታ በነጠላ አሰረችን። ክብደት የሚባል የላትም። ልቧ የእኔን ልብ እጥፍ ይቀድመዋል። ሁለት ሰዓት ሙሉ አልተነቃነቅሁም። አፍንጫዬን በላኝ፣ አላከክሁም። አንዴም ትንፋሿን አልረሳችም።
ቄሱ አልተጠሩም። እማማም መጠየቅ ትተዋል።

የካቲት 6
ማንም አልጠራት። በሩ ተከፈተ፣ ትርንጎ። ልጅቷ እንደ ወትሮው ደረቴ ላይ ናት። ቆመች፣ ቆመች።
«ይቺ ናት?»
«ይቺ ናት።»
«ስጠኝ።»
ከዚያ ወዲያ ለእኔ ቦታ የለም። ወንበሩንም ወሰደችው። እንያት፣ እንያት ትላለች እያጎነበሰች። ስም ማውጣቷ መሆኑ የገባኝ ሲስተር ውዴ ካርዱ ላይ ስትጽፈው ነው።

መጋቢት 14
ወጣን! አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። ጡት ትጠባለች። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ዝጉ፣ መስኮት ዝጉ እያልኩ ሰው አስቸገርኩ። ገሳይ ብርድ ነው። ቤት ገባን። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። እዚህ ማሽን የለም። ብትረሳ ማን ይጮህልኛል? ትርንጎ እሳት ዳር አስቀምጣት ትዘፍንላታለች። እኔ ትንፋሿን እቆጥራለሁ።

መጋቢት 28
ሰማንያ ቀኗ። ክርስትና ተነሣች። ጾም ነው፣ ድግስ የለም። ውኃው ሲነካት ቄሱ እስኪስቁ ድረስ ጮኸች። እማማ እልል አሉ። እኔ፣ ብርድ ይመታት ይሆን እያልኩ ወደ ቤት ሮጥኩ።

ግንቦት 17
አራት ኪሎ ከግማሽ። ጤና ጣቢያ የመዘነቻት ባለሙያ አላምን ብላ ደግማ መዘነቻት። እንያት ትስቃለች። ጡት ስትጠባ እስከ ደጅ ይሰማል። ሁሉም እሰይ ይለኛል። እሰይ ነው። እኔ ብቻ...
ፈቃዴ ካለቀ ቆየ። ባልደረባዬ ክፍሌን ይዞልኛል፣ እሱም ሰለቸው፤ ርእሰ መምህሩ ሰው ላኩብኝ። ዛሬ ጠዋት ወጣሁ። ከአስፋልቱ ተመለስኩ። ተኝታለች፣ ትተነፍሳለች። እንደገና ወጣሁ። እንደገና ተመለስኩ። ትርንጎ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።
«የምትተነፍስ አንተ ስለምታያት ነው?»
አዎ ልላት ነበር። አፌ ላይ ነበር። አፈርኩ። አልተቆጣችም። ጠመኔ የነካው ኮቴን አራግፋ አለበሰችኝ። እንያት ነቅታ እግሯን ታወናጭፋለች፤ ሁለታችንንም አታየንም፣ ጣሪያውን ነው የምታይ።
ለርእሰ መምህሩ መልእክት ላክሁላቸው። ሰኞ ክፍል እገባለሁ። ሙሉ ቀን።