ብሎግ እንዳለኝ የነገርኳቸው

ለታላቅ እህቴ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ እታለም? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ጀመረ ወይስ አሁንም ያስቸግርሻል? ልጆቹስ? እኔ ከንዴቴ በቀር ምንም አልሆንኩ።

ሁለት ዓመት ለማንም ሳልተነፍስ ብሎጌን ስጽፍ ኖሬ፣ ባለፈው በልደቴ ምሳ ላይ ተናገርኩ። ምን አለ ያኔ ምላሴን በቆረጠው! አማቴ ደንግጠው፣ «ብሎግ? ይተላለፋል እንዴ ልጄ?» ብለው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። የፋርማሲው አለቃዬ የጠየቀኝ ስሙ እንዳለበት ብቻ ነው። የለበትም ስለው ደግሞ ቅር አለው፣ ግብዝ! ጎረቤቴማ አንብባው እንዳለቀሰች ነገረችኝ። አስለቀሰኝ ያለችው እኮ አለቃዬ ፀጉሩን ጥቁር ሲቀባ አንገትጌውን ስለማበላሸቱ የጻፍኩትን ነው። አይ ሰው!

ባለቤቴን ተዪው። ምሳው ሳይነሳ ወደሚጠግናቸው ሰዓቶች ተመልሶ፣ ቀና እንኳ ሳይል «ጎበዝ» አለኝ። በቃ። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰው! የግድግዳው ሰዓት ይሻለኛል፤ እሱ ቢያንስ በየሰዓቱ ይደውላል። ይህንንም ብሎጌ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ዝምታው እንዴት እንደሚያንቀኝ፣ ምንም ሳላስቀር። ማን ሊያነበው ብዬ!

የሚያጽናናኝ ገጹን ስንት ሰው እንደከፈተ የሚናገረው ቆጣሪ ነበር። በየቀኑ አንድ ሰው ይገባል፤ ጠዋት፣ እኔ ሥራ እንደገባሁ። አንቺ ነሽ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ከልደቴ በኋላ በደብዳቤ ብነግርሽ፣ አንድም አያመልጠኝም ብለሽኝ የለ? በመጨረሻው ደብዳቤሽ ግን «ለመሆኑ አድራሻው ምን ነበር?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ደግ አደረግሽ እታለም! ከነሱ በምን ትሻያለሽ? አለቀስኩ አለማለትሽ ብቻ።

ሰኞ ዕለት፣ ቅዳሜ ከዚህ ቤት ወጥቼ አንቺ ጋ እንደምመጣ ጻፍኩ። ያገደኝ ነገር ቢኖር ጎማው የወለቀው ሻንጣዬ ነው ብዬም ቀለድኩ። ለሰው በአፌ አልተናገርኩም፣ ለአንቺም ቢሆን።

ማክሰኞ ከሥራ ስገባ ሻንጣው አልጋው ጎን ቆሟል። ጎማው ተገጥሟል፤ እጀታው ሳይቀር ዘይት ተቀብቷል። እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሰዓት ይፈታል፤ አንዷ ብሎን ግን ሦስቴ ከእጁ ወደቀች። የሰዓት ሠሪ እጅ! ማን ነገረህ ብዬ ጮህኩበት። እንዳይከብድሽ ብዬ ነው አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት አፉን ዘግቶ፣ ሲከፍተው ይህችን! ሚስቱ ልትሄድበት ስትል ሻንጣ የሚጠግን ምን ዓይነት ጅል ነው? ተናድጄ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አድራሻውን የጠየቅሽኝ ይቅርብሽ፤ እንዲሁ ግሩም ነው እያልሽ ኑሪ። አሁን ልሰናበትሽ። ያልጨረስኩት ጽሑፍ አለኝ፤ ነገ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት መውጣት አለበት።

ጤናና ሰላም ከቤትሽ አይጥፋ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ።

የተናደደችው ታናሽሽ