አልዘረጋ ያለው መዳፌ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ጠዋት
ሐይቁ ዳር፣ በግራ እጄ ለገበያ ዓሣ እበልታለሁ፣ በግራ እጄ እጽፍልሃለሁ። ፊደሌን ቻለው። ቀኙ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ደንበኞቼ ሲጠይቁኝ ዘይት ፈነጠቀብኝ እላለሁ። ላንተ ግን አልዋሽም፣ ደብተሬ። ባሌ ሰይድ ነው። ትናንት የፍቺ ስምምነቱን አምጥቶ ፈርሚ አለኝ። ልጃችን ሐያት ለእሱ፤ አምባሰል ወስዶ ለእናቱ ሊሰጣት። ቤቱንም ዕቃውንም ውሰድ፣ በልጄ ግን አልፈርምም አልኩ። እጄን ጠምዝዞ መዳፌን የጋለ መጥበሻ ላይ ለጠፈው። ቀጥሎ የሐያት ነው አለ። በግራ አውራ ጣቴ ፈረምኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ከሰዓት
ፍ/ቤት ዋልን። ዳኛው ለብቻዬ አስገብቶ ወደሽ ነው የፈረምሽው አለኝ። በሩ ሥር የሰይድ ጫማ ይታየኛል። አዎ አልኩ። ምላሴ ይቆረጥ።
ውሉን ገና አላጸደቀውም፤ አስቡበት ብሎ ለማክሰኞ ቀጠረን። ሰይድ ባጃጁን እየነዳ ያፏጫል።
ቢላዋዬን ስስል አንገቱን አሰብኩ። ወላሂ አሰብኩ። ሐያት ውሃ ጠማኝ አለች፣ ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13
የሰይድ ወገኖች በሰላም እንድንለያይ ዱአ ይደረግ አሉ፣ እማማ ዘይነብ ቤት። የሰፈራችን ዱበርቲ ናቸው፤ ምርቃታቸው ይፈለጋል፣ እርግማናቸው ይፈራል። ሰይድ ዓይኑን በጨው አጥቦ ኸይሯን እመኝላታለሁ ይላል። ደሜ ፈላ።
ዱአው ተጀመረ። ሁሉም ሁለት መዳፉን ዘረጋ። የኔ ቀኝ አልዘረጋ አለ፤ ቆዳው ተኮማትሯል። እማማ ዘይነብ አዩኝና ዱአውን አቋረጡ። ጨርቁን ራሳቸው ፈቱት። የመጥበሻው ጠርዝ እጄ ላይ ታትሟል። ማን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ሰይድን አዩት፣ እሱ መሬት መሬት አየ። ለዚህ የፍቺ ወረቀት አሚን የሚል ቤቴን እንዳይረግጥ አሉ። ሁሉም ጫማውን እየፈለገ ወጣ።
እኔና ሐያት እዚያው ቀረን።

ሰኞ፣ ኅዳር 15። ረፋድ
ሰይድ እማማ ዘይነብ ቤት መጣ። መስኮቱን በድንጋይ አደቀቀው። ነገ አፍሽን ብትከፍቺ ሐይቁ ውስጥ ነው የምከትሽ አለ። ሐያት አልጋ ሥር ገብታ ሸናች። እማማ ዘይነብ ከዘራቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ሊገፋቸው እጁን አነሳ፣ አወረደው። እሳቸውን ይፈራል፤ እኔን ማን ይፈራኛል።
የማለቅሰው በንዴት ነው። ልጄን ሽጬ ነፍሷን ያተረፍኩ መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ፍ/ቤት ደጅ
ሰይድ ፊት ለፊቴ ነው፣ በዓይኑ ይበላኛል። ሐያት እማማ ዘይነብ ጉያ ናት።
ፍቺውን እፈልጋለሁ። ልጄን ግን አልሰጥም። ዛሬ ጫማው በሩ ሥር ቢቆምም እናገራለሁ። ጨርቁን ፈትቼ ጥዬዋለሁ፤ ነፋሱ ሲነካው ያቃጥላል። ዳኛው ወደሽ ነው ሲለኝ መዳፌን ጠረጴዛው ላይ
ተጠራን።